16 እና 10፦ የድሮን ሁለት ቁጥሮች ከአሞራ ገደል ሲታዩ

ጠዋት በሐዋሳው አሞራ ገደል ነፋስን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሰብስበው ጀልባዎቻቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ የሐዋሳ ሐይቅ ለጥ ብሎ ይቆያል። ቆሮሶው ይበለታል፣ አምባዛው ይመዘናል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች የሚጣልላቸውን አንጀት ለመሻማት በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ግን የብስና ውኃ እኩል አይግሉም፤ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ነፋስ ይነሣል፣ ውኃው ይሸበሸባል፣ ቅርንጫፎች ይወዛወዛሉ። ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ሐይቁ ዳር የሚጎርፉት ደግሞ በአብዛኛው በዚሁ ሰዓት ነው። ከሙሽሮቹ ጋር ቪዲዮ ቀራጩ ይመጣል፣ ከቀራጩ ጋር ድሮኑ።

ከቦርሳው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ250 ግራም በታች የሚመዝን ትንሽ ድሮን ነው። ለምሳሌ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሚኒ 2 ሊሆን ይችላል። በአምራቹ መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀምጠዋል። ከፍተኛ ፍጥነቱ 16 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚቋቋመው ነፋስ ደግሞ ከ8.5 እስከ 10.5 ሜትር በሰከንድ ነው። ገዢዎች እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ያነቧቸዋል፤ አንዱን የሩጫ፣ ሌላውን የጥንካሬ አድርገው። ለድሮኑ ግን ሁለቱም የአንድ ነገር መለኪያ ናቸው። አንድ ከሆኑ ታዲያ ከ16ቱ ውስጥ ስድስቱ የት ገባ? የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ እሱ ነው።

ድሮን ክብደቱን የሚሸከምለት አየር ነው። መሬት ከሥሩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልፍ ለፕሮፔለሮቹ ምንም ለውጥ አያመጣም። ነፋስ በሌለበት በሰከንድ 10 ሜትር የሚበርን ድሮንና በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመን ድሮን ፊታቸውን የሚመታቸው አየር አንድ ነው። እኩል ያዘነብላሉ፣ እኩል ባትሪ ይበላሉ። በወንዝ ፈሰስ ላይ ሽቅብ የሚዋኝ ሰው ዳር ቆሞ ለሚያየው ካለበት ንቅንቅ ያላለ ቢመስልም ክንዶቹ ግን አላረፉም፤ የቆመው ድሮንም እንደዚያው ነው። እንዲህ ከታየ፣ በስሌት ብቻ፣ በ16 ሜትር በሰከንድ መብረር የሚችል ድሮን 16 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ነፋስ እስኪመጣ ድረስ ወደ ኋላ አይገፋም።

ፍጥነቱን የሚወስነው ማዘንበሉ ነው። ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ወደፊት የሚሄደው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ የግፊቱን ከፊል ወደ ኋላ በማዞር ነው። በአንድ የማዘንበል ማዕዘን ላይ ወደፊት የሚገፋው ኃይል ከአየሩ ተቃውሞ ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ እዚያ ላይ ይቆማል። የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ ከማዕዘኑ ታንጀንት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ዲጄአይ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፋንቶም 4 ፕሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። በስፖርት ሞድ እስከ 42 ዲግሪ አዘንብሎ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በተለመደው ሞድ እስከ 25 ዲግሪ አዘንብሎ 50 ኪሎ ሜትር። የሁለቱ ማዕዘኖች ስሌት የሚሰጠው የፍጥነት ንጽጽር 1.39 ነው፤ በመግለጫው ላይ ያለው 1.44። ለአንድ መስመር ስሌት ከዚህ የበለጠ መቀራረብ አይጠበቅም። ነገር ግን በሰከንድ 20 ሜትር የሚበረው ይኸው ፋንቶም የሚቋቋመው ነፋስ 10 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ልክ ግማሹ።

የሌሎች ድሮኖችንም መግለጫ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነገሩን ይገልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማቪክ ሚኒ 13 ሜትር በሰከንድ ይበራል፣ 8 ይቋቋማል። ኤር 2ኤስ 19 ይበራል፣ 10.7 ይቋቋማል። ማቪክ 3 በ21 እና በ12 ተመዝግቧል። ከፊት ካሜራው በሚታየው ምስል በመነጽር የሚበረረው ዲጄአይ ኤፍፒቪ ደግሞ በማኑዋል ሞድ 39 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል። ወደ ማቪክ 3 እጥፍ የሚጠጋ ፍጥነት ነው። የሚቋቋመው ነፋስ ግን በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከፍተኛው ከ14 ሜትር በሰከንድ ያነሰ ነው። በሌላው ጫፍ የፈረንሳዩ ፓሮት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው አናፊ አለ። 320 ግራም የሚመዝነው ይህ ድሮን በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስም ይቋቋማል ይላል አምራቹ። ከፍጥነቱ ላይ ለመጠባበቂያ ያስቀረው አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ከአንድ ሦስተኛ እስከ ዘጠኝ አሥረኛ ድረስ የሚዋዥቅ ንጽጽር የተፈጥሮ ሕግ ሊሆን አይችልም። የነፋሱ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ የሚጠቁም ምልክት አለ። ከዲጄአይ ድሮኖች ሚኒ 3 ፕሮ 249 ግራም፣ አቫታ 410 ግራም፣ ኤር 2ኤስ 595 ግራም ይመዝናሉ። ፍጥነታቸው በቅደም ተከተል 16፣ 27 እና 19 ሜትር በሰከንድ ነው። የነፋስ አቅማቸው ግን የሦስቱም 10.7 ነው። ይህ ቁጥር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 የጀመረው የነፋስ መለኪያ አምስተኛ ደረጃ የሚያልቅበት ነው። ለኤፍፒቪ የተሰጠው ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትርም ከስድስተኛው ደረጃ ጋር ፍጹም አንድ ነው። አምራቹ ድሮኑ እስኪሸነፍ ድረስ ነፋስ እያፋፋመ የለካው ውጤት ቢሆን ኖሮ፣ ሦስት የተለያዩ ድሮኖች እስከ ነጥቧ ድረስ አንድ ቁጥር ላይ ባልተገናኙ ነበር። የነፋሱ ቁጥር አምራቹ ኃላፊነት ለመውሰድ የደፈረበት ደረጃ ነው ማለት ይቻላል።

የፍጥነቱ ቁጥርም ቢሆን ከፖለቲካ ንጹሕ አይደለም። ማቪክ 3 በሌላው ዓለም 21 ሜትር በሰከንድ ሲበር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 19 ላይ ይቆማል። ምክንያቱ የኅብረቱ ደንብ ለቀላል ድሮኖች ምድቦች የፍጥነት ጣሪያውን 19 ማድረጉ ነው። ሞተሩ አልተለወጠም፣ ፕሮፔለሩ አልተለወጠም፣ የነፋሱ አቅምም 12 እንዳለ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ድሮን በሐዋሳ ሰማይ ላይ ትንሽ ዘገም ቢል የአየሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ወደ ጎደሉት ስድስት ሜትሮች እንመለስ። ትልቁ ድርሻ የሚውለው ለመመለሻ ነው። በ16 ሜትር በሰከንድ የሚበር ድሮን ጸጥ ባለ አየር አንድ ኪሎ ሜትር ለመመለስ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። 10 ሜትር በሰከንድ በሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ የሚቀረው 6 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ይፈጅበታል። ነፋሱ ወደ 13 ከፍ ቢልስ? ጭማሪው ሦስት ሜትር ብቻ ነው፤ ጉዞው ግን ወደ አምስት ደቂቃ ተኩል ይረዝማል። ነፋሱ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር የመመለሻው ጊዜ በየሜትሩ እየተወነጨፈ ያድጋል፣ 16 ላይ ሲደርስ ደግሞ መጨረሻ የለውም። 10.5 ላይ የተሠመረው መስመር ከዚህ ገደል ጫፍ ራቅ ብሎ የተተከለ አጥር ነው።

በማቪክ ሚኒ ይህ አጥር ራሱ ጫፉ ላይ ነበር። በስፖርት ሞድ 13 ሜትር በሰከንድ የሚበረው ድሮን በተለመደው ሞድ ከ8 አያልፍም፤ የተፈቀደለት ነፋስም 8 ነው። አብራሪው ሞዱን ሳይቀይር ድሮኑን በነፋሱ አቅጣጫ ወደ ሐይቁ መሐል ከላከው፣ ሲመልሰው በስክሪኑ ላይ የሚያየው ርቀት አልቀንስ ይለዋል። አምራቹም ነገሩን የተረዳው ይመስላል። በሚኒ 2 ላይ የተለመደው ሞድ 25 ዲግሪ ማዘንበል ብቻ ቢፈቅድም፣ ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እስከ 40 ዲግሪ እንዲያዘነብል ተደርጓል። በአንድ ዓመት ልዩነት ከአራተኛው የነፋስ ደረጃ ወደ አምስተኛው የተደረገው እድገት ከፊሉ የሞተር ቢሆንም ከፊሉ የሶፍትዌር ውሳኔ ነው። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለገዢ ይጠቅማል፦ ከስፖርት ሞዱ ፍጥነት ይልቅ መታየት ያለበት ድሮኑ በተለመደው ሞድ የሚበርበት ፍጥነት ነው። ባትሪ ሲያልቅ ወይም ግንኙነት ሲቋረጥ አብራሪው ስፖርት ሞድን ለመጫን ዕድል ላያገኝ ይችላል። በራሱ ወደ ተነሣበት የሚመለሰው ድሮን ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ተወሰነለት ከፍታ ይወጣል። እዚያ ላይ ነፋሱ ይበረታል።

በከባድነት ላይም አንድ የቆየ እምነት አለ፤ ከባድ ድሮን ነፋስ አይደፍረውም የሚል። ከፊሉ እውነት ነው። ቅርጹ አንድ ሆኖ ክብደቱ የጨመረ ድሮን በዚያው ማዕዘን ሲያዘነብል የሚያገኘው ወደፊት የሚገፋ ኃይል ይበልጣል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። በድንገት መጥቶ በድንገት የሚሄድ ሽውታም ከ249 ግራም ይልቅ 900 ግራም ለማንቀሳቀስ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ምስሉም ያንኑ ያህል ይረጋል። ክብደቱን ለመሸከም ግን የሞተሩ ጉልበት ይሟጠጣል፤ ለነፋስ የሚተርፈው ያንሳል። በድሮኑ ላይ ተጨማሪ መብራት ወይም መከላከያ የሚያስር ሰው ክብደቱንም የሚመታውን ስፋትም አብሮ ስለሚጨምር ሁለት ጊዜ ይከስራል።

የአሞራ ገደል ዳርቻ ደግሞ ትልልቅ ዛፎች አሉት። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ውኃው ላይ ሳለ ለስላሳና ወጥ ነው። ዛፎቹን ሲመታ ግን ይሰባበራል፣ ከኋላቸው ይሽከረከራል፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይላል። ፍጥነት እዚህ ብዙም አያድንም፤ የሚፈለገው ድሮኑ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሚዛኑን ማስተካከሉ ነው። ለባለሙያዎች የተሠራው የዲጄአይ ማትሪስ 300 መግለጫ ይህንን በግልጽ ጽፎታል። በአየር ላይ ሳለ 15 ሜትር በሰከንድ ይቋቋማል፣ ሲነሣና ሲያርፍ ግን 12 ብቻ። ኩባንያው ለትንንሾቹ ድሮኖቹም እንዲህ ያለ ሁለተኛ ቁጥር ቢጽፍ ኖሮ ብዙ ክርክር በቀረ ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ አብራሪ የማይጠብቀው ነገር። ቀላል ነፋስ ባትሪ አይጨርስም፤ ሊያተርፍም ይችላል። አንድ ቦታ ቆሞ የሚያንዣብብ ድሮን ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ትንሽ ወደፊት ሲሄድ ያልተነካ አየር ስለሚያገኝ ሥራው ይቀልለታል። ማቪክ 3 ሲበር 46 ደቂቃ፣ ቆሞ ሲያንዣብብ ግን 40 ደቂቃ እንደሚቆይ የተጻፈው ለዚህ ነው። የሚኒ 2 የ31 ደቂቃ ቆይታም የተለካው ቆሞ ሳይሆን በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ነው። ይህ 4.7 ሜትር በሰከንድ ማለት ነው። በዚሁ ፍጥነት በሚነፍስ የሐይቅ ነፋስ ውስጥ ሙሽሮቹን ከአንድ ቦታ የሚቀርጽ ድሮን የሚበላው ኃይል ጸጥ ባለ ጠዋት ከሚበላው ሊያንስ ይችላል። ነገሩ የሚገለበጠው ነፋሱ ሲጠነክር ነው። የአየርን ተቃውሞ ለመርታት የሚወጣው ኃይል በፍጥነት ኪዩብ ያድጋልና፣ ከ5 ወደ 10 ሜትር የሄደ ነፋስ ለተቃውሞ የሚከፈለውን ስምንት እጥፍ ያደርገዋል።

የአምራቾች መግለጫ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በ15 በመቶ ይሳሳል፤ በሞቃት ከሰዓት ልዩነቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። ሳስ ያለ አየር ተቃውሞው ስለሚያንስ፣ በአንድ የማዘንበል ማዕዘን የሚገኘው ፍጥነት ከመግለጫው በአሥር በመቶ ገደማ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው ነፋስም ድሮኑን የሚገፋው በአነስተኛ ኃይል ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሞተሩ አቅም ከተረፈው ነው። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በአሥር በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል፣ ለድንገተኛ ሽውታ የሚቀመጠው ትርፍ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ከፍታ የፍጥነቱን ቁጥር ከፍ፣ የነፋሱን ዋስትና ዝቅ ያደርገዋል። ሐዋሳ ላይ ልዩነቱ መለስተኛ ነው፣ እንጦጦ ላይ ይሰማል። የራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ከወጣን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነን፤ ሚኒ 2 ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ እንዲነሣ አልተሠራም።

ፍጥነትን ብቻ ያሳደዱ ሰዎች የደረሱበትም መታየት አለበት። ደቡብ አፍሪካዊው ሉክ ቤልና አባቱ ማይክ ቤል በገዛ እጃቸው የሠሩት ድሮን እ.ኤ.አ. በ2024 በሰዓት 480.23 ኪሎ ሜትር በሮ በጊነስ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን የሚለካው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ተበርሮ አማካዩ ሲወሰድ ነው፤ በጀርባ ነፋስ የተገኘ ፍጥነት የድሮኑ እንዳይመስል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በርሮ በስክሪኑ ላይ ያየውን ትልቅ ቁጥር የሚያሳይ አብራሪ ከፊሉን ያገኘው ከነፋሱ ነው።

በነፋስና በፍጥነት መካከል ያለውን ዝምድና በአገር ውስጥ በትልቁ ማየት የፈለገ ወደ አዳማ ይሂድ። የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ባለ 1.5 ሜጋ ዋት 34 ተርባይኖች አሉት። እንዲህ ያለው ተርባይን ሙሉ ኃይሉን መስጠት የሚጀምረው ነፋሱ 11 ሜትር በሰከንድ ገደማ ሲሞላ ነው። ተርባይኑ ደስ የሚለው ነፋስ ትንንሾቹ ድሮኖች እጅ የሚሰጡበት ነው ማለት ነው። እዚያ ድሮን የሚያስነሣ ሰው ከተርባይኑ ክንፎች ጀርባ የሚሽከረከረውን አየርም መቁጠር ይኖርበታል።

ስለ ሕጉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህን ሳያውቁ ከውጭ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ድሮናቸው ኤርፖርት ላይ ይቀርባቸዋል። በአሞራ ገደል ሁለተኛው ባለሥልጣን ወፎቹ ናቸው። ክንፎቻቸው ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊያልፉ የሚችሉ አባ ኮዳዎች የከሰዓቱን ሞቃት አየር ተከትለው ይዞራሉ፤ ዓሣ በል ንስሮችም በሐይቁ ላይ ይውላሉ። ከእነሱ ለመሸሽ የሚጠፋው ባትሪ በየትኛውም መግለጫ ላይ አልተቆጠረም።

የነፋስ መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ሐይቁ ራሱ ይነግረዋል። የቦፎርት መለኪያ በየብስ ላይ አምስተኛውን ደረጃ ሲገልጽ የሚጠቅሰው ሁለት ነገር ነው፦ ቅጠል የለበሱ ትናንሽ ዛፎች መወዛወዝና በሐይቅ ውኃ ላይ ጫፍ ያላቸው ትናንሽ ሞገዶች መታየት። በአራተኛው ደረጃ አቧራና የወዳደቀ ወረቀት ይነሣል። ሁለቱም ምልክቶች ግን የሚናገሩት ስለ ታችኛው አየር ነው፤ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያም የሚሰጠው በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ላለው ነፋስ ነው። በተለመደው ግምት ገላጣ መሬት ላይ በ100 ሜትር ከፍታ ያለው ነፋስ በ10 ሜትር ካለው በ40 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ለስላሳ ውኃ ላይ ልዩነቱ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ትንበያው 6 ሜትር በሰከንድ ካለ፣ በ100 ሜትር ላይ ከሐይቁ በኩል 7.5፣ ከየብሱ በኩል ከ8 በላይ መጠበቅ ነው። ማቪክ ሚኒን ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ከወሰኑ ግማሽ ሜትር በታች ነው፤ ሁለተኛው ወሰኑን አልፏል።